ኳስ የምትሸኘው እትዬ ዙቤ

«በአረፋ ሁለተኛው ቀን ይሁን አልኩ! ሌላ ቀን አልቀበልም!»

ደሳለኝ ጠረጴዛውን በጡጫው ሲመታው የሻይ ብርጭቆዎቹ ተንጫጩ። የኮሌጃችን የቅርጫት ኳስ ቡድን አምበል ነው፤ ሲቆጣ ቁመቱ የሚጨምር ይመስላል።

«አረፋ እኮ የሰው በዓል ነው» አለ ከኋላ አንድ ልጅ።

«መስቀልስ የጅብ በዓል ነበር?»

የተማሪዎች ክበብ በሳቅ ተናጋ።

«እነሱ ሲያደርጉት ብልጠት፣ እኛ ስናደርገው ነውር?» ደሳለኝ ቀጠለ። «የመልሱ ጨዋታ እዚህ ወልቂጤ በሜዳችን ነው። ቀን የሚመርጠው ባለሜዳው ነው። ቡታጅራዎች በመስቀል ጠሩን፤ እኛ በአረፋ እንጠራቸዋለን። አለቀ።»

«የእኛ ሙስሊሞችስ?»

ሁላችንም ወደ ረሺድ ዞርን። ረሺድ ከሩቅ ወርውሮ የሚያስገባ ብቸኛው ልጃችን ነው፤ ቤቱም እዚሁ ከተማ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ ነው። ትከሻውን ነቀነቀ። «እኔ ሥጋዬን በልቼ በሰዓቱ ሜዳ ላይ እገኛለሁ። የሚቸገሩት መስቃን ገጠር ድረስ የሚገቡት ቡታጅራዎች ናቸው። ከቋሚ ተሰላፊዎቻቸው ሦስቱ ገጠር ይገባሉ፤ አውቃቸዋለሁ። ይግቡና እዚያው ይቅሩ!»

ጭብጨባ ሆነ። እጅ ይውጣ ተባለ፤ እኔ ሁለቱንም እጆቼን አወጣሁ። ስብሰባው ሲከፈት ሐሳቡን ያመጣሁት እኔ ነበርኩ፤ ደሳለኝ ድምፁን ነው ያዋሰኝ።

በሩ አጠገብ፣ የተገለበጠ ጀሪካን ላይ፣ የኮሌጁ ስቶር ኃላፊ እትዬ ዙቤ ተቀምጣለች። ተሰብሳቢ ሆና አይደለም። ቡድኑ ከስብሰባው በኋላ ልምምድ ስላለው ኳሷን ይዛ መጥታ ነው። ኳሷን በጉልበቶቿ መሃል አጣብቃ በመንፊያ ትነፋለች፤ ጢስ ጢስ የሚለው የመንፊያው ድምፅ በጭብጨባችን መሃል ይሰማል።

«ጨዋታው ስንት ሰዓት ነው?» አለች፣ ቀና ሳትል።

«ዘጠኝ ሰዓት፣ እትዬ ዙቤ።»

«እሺ» አለች። መርፌዋን ነቅላ ኳሷን ልክ እንደ አቮካዶ በአውራ ጣቷ ጫን አደረገቻት፤ ከዚያ ተነስታ ወደ ሜዳው ወጣች። እኛም ተከትለናት ወጣን።

ከዚያ ቀን ወዲህ ሁለት ዓመት ሆነ። እትዬ ዙቤ ዛሬ ከእኛ ጋር የለችም። አሁን ስቶሩ በር ላይ የሚቀመጠው ሰው ኳስ ስትጠይቀው ስልኩን እያየ «ውሰድ» ይላል፤ ማን እንደወሰደ፣ መቼ እንደመለሰ አያውቅም። ኳሶቹ በአንድ ዓመት ውስጥ ወይ ጠፍተዋል ወይ ሞላላ ሆነዋል። እኔ ስለ እሷ ስጽፍ ይህ ሦስተኛዬ ነው። የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ቀድጄ ጣልኳቸው፤ በሁለቱም ላይ ራሴን ደግ አድርጌ ጽፌ አገኘሁት።

ሙሉ ስሟ ዙበይዳ ነው። አርባዎቹን ያጋመሰች፣ አጭር፣ ሰፊ ትከሻ ያላት፣ ሁልጊዜ ሰማያዊ ጋዋን የምትለብስ፣ ሻሿን ከአገጯ ሥር አጥብቃ የምታስር ሴት ነበረች። የተወለደችው ከቡታጅራ ወጣ ብሎ፣ መስቃን ውስጥ ነው። ቅርጫት ኳስ ተጫውታ አታውቅም። የቡድኑ አሰልጣኝ የሆነችውም ማንም ሾሟት አይደለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኮሌጁ ሁለት የቅርጫት ኳስ ብቻ ነበረው። ከእሷ በፊት የነበሩት ኃላፊዎች ለተማሪ ሰጥተው ያጠፏቸውን ዕቃዎች ታሪክ ስለምታውቅ፣ ኳስን ለማንም አምና አትሰጥም። ግን ደግሞ አልሰጥም ማለት አትችልም፤ ኳሱ የተማሪ ነው። ስለዚህ መፍትሔ አበጀች፤ ኳሷ ስትወጣ እሷም አብራ ትወጣለች። ጀሪካኗን ሜዳው ዳር ገልብጣ ትቀመጣለች። ልምምዱ እስኪያልቅ ዓይኗን ከኳሷ ላይ አታነሳም። በዚህ ሁኔታ ሦስት ዓመት ተቀመጠች። አንድን ነገር ሦስት ዓመት ሙሉ ዓይኑን ሳይነቅል ያየ ሰው ምን ሊያውቅ እንደሚችል አስቡት። አሰልጣኝ ተብሎ የተመደበው የስፖርት መምህር ለፎቶ ካልሆነ ብቅ አይልም ነበር። አንድ ቀን ደሳለኝ ኳስ ይዞ ሲያነጥር፣ ሲያነጥር፣ ሲያነጥር ቆይቶ ሲቀማ፣ ከጀሪካኑ ላይ ድምፅ መጣ።

«አንተ ቋሚ!»

«እኔን ነው?»

«አንተን ነው። ኳስ እንግዳ ናት። ተቀበላት፣ አስተናግዳት፣ ሸኛት። ማን አሳድራት አለህ?»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሙ ቋሚ ሆነ፤ ረጅም የአጥር እንጨት ማለቷ ነው። እሷ ሰውን ሁሉ የምትጠራው በስቶሯ ውስጥ ባለ ዕቃ ነው። ረሺድ ቀጭንና ሹል ስለሆነ ሚስማር ነው። ኳስ ከመሬት አፍሶ የሚያነሳው ልጅ አካፋ ነው። እኔን ደግሞ ደብተር ይዤ ሜዳ ዳር ስቀመጥ ስላየችኝ እርሳስ አለችኝ። እኔ ተጫዋች አይደለሁም፤ ደጋፊ ነኝ። ለደጋፊዎች የሚዘፈን፣ ተጋጣሚን የሚያበሽቅ ግጥም እጽፋለሁ። ማንም አላስተማረኝም። «እርሳስ፣ ዛሬ ማንን ልትወጋ ነው?» ትለኛለች። ስነግራት በአፍንጫዋ ትስቅና «ቅረጸው ገና፣ ዱልዱም ነው» ትላለች። ብዙ ጊዜ ልክ ነበረች።

ጨዋታ ባለ ቀን በማለዳ ተነስታ የሜዳውን መስመር በኖራ ታሰምራለች። ዘበኛው ልርዳሽ ቢላት እምቢ ትላለች፤ «አንተ ስታሰምር መስመሩ ለመሽናት የወጣ ሰው መንገድ ይመስላል።» ስታሰለጥን አትጮህም። «ሸኛት» ትላለች፤ ካልተሰማች ድጋሚ «ሸኛት» ትላለች፤ በሦስተኛው ኳሷን ትቀማና ስቶር ታስገባለች። ያን ቀን ልምምድ አለቀ ማለት ነው። ሰው በዚህ መንገድ ምን ያህል ቶሎ እንደሚማር ማመን ይከብዳል።

አሁን ወደ መስቀሉ ልመለስ፤ ቂሙ ከዚያ ነው የሚነሳው።

የአካባቢው ኮሌጆች ውድድር የተጀመረው በመስከረም ነው። የመጀመሪያው ጨዋታችን ቡታጅራ ነበር፤ እነሱም የመስቀልን ማግስት መረጡ። ለሌላ አገር ሰው ይህ ምንም ላይመስለው ይችላል። ለእኛ ለቸሃ ጉራጌዎች ግን መስቀል ማለት ዓመቱን ሙሉ መርካቶ የሚነግደው ሁሉ ሱቁን ዘግቶ አገሩ የሚገባበት፣ የተጣላ የሚታረቅበት፣ ከቤት መጥፋት ከሞት እኩል የሚቆጠርበት ሳምንት ነው። ከአምስቱ ቋሚ ተሰላፊዎቻችን አራቱ የቸሃ ልጆች ናቸው። የቡታጅራዎቹ ግማሾቹ ሙስሊሞች፣ የቀሩት እዚያው ከተማ ውስጥ የሚኖሩ ናቸው። አውቀው ነው ያደረጉት። የኮሌጃችን ዲን ቀኑን የሚያሳውቀውን ደብዳቤያቸውን ፈርሞ መለሰላቸው፤ ሌላ አገር ያደገ ሰው ስለሆነ ቀኑ ምንም አላለውም።

በመስቀል ቀን ኮሌጁ ውስጥ የቀሩት ዘበኛው፣ ድመቷና እትዬ ዙቤ ነበሩ። ዲኑ ደውሎ «ቡድኑን ሰብስቢና ቡታጅራ አድርሺ» አላት። በማግስቱ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ኮንትራት ሚኒባስ ይዛ ደሳለኝ ቤት ደረሰች። እኔ የአጥር ጎረቤቱ ነኝ፤ ጩኸት ሰምቼ ስደርስ የደሳለኝ እናት በሩን በሁለት እጃቸው ዘግተው ቆመዋል።

«ሳትቀምሽ? በመስቀል? ምን በድለንሽ ነው?»

«እናቴ፣ ቸኩለናል። ጨዋታ አለባቸው።»

«ጨዋታ ከሆድ አይቀድምም!»

ተቀመጠች። የክርስቲያን እርድ እንደማትበላ የታወቀ ነውና ለእሷ ቆጮ ባይብና በጎመን ቀረበ፤ ለእኛ ክትፎ። ከዚያ ሁለተኛው ልጅ ቤት ሄድን፤ እዚያም ያው ነው። ሦስተኛው ቤት አባትየው የሚኒባሱን ቁልፍ ከሾፌሩ ቀምተው ኪሳቸው ከተቱ። አራተኛው ቤት ስንደርስ እትዬ ዙቤ ከመኪናው ሳትወርድ፣ «እኔ የምቀመጥበት ቦታ ሞልቷል» አለች፤ ሆዷን እየነካች። ቆጮውን መኪናው ድረስ አመጡላት። ደሳለኝ በአራቱም ቤት በላ፤ ሁለተኛው ልጅ በሦስቱ፣ ሦስተኛው በሁለቱ፣ አካፋ የመጨረሻው ስለሆነ አንዴ ብቻ። ያን ቀን ከቸሃ ልጆች የተሻለ የተጫወተውም አካፋ ነው።

የዘቢዳርን ተራራ ስንጠመዘዝ ፌስታል መዞር ጀመረ። እትዬ ዙቤ ከፊት ወንበር ዞራ አየቻቸውና «ኳስ ሸኙ ስላችሁ አልሸኝ ብላችሁ፣ ይኸው ሥጋ ትሸኛላችሁ» አለች።

ሃምሳ ስምንት ለአሥራ ሰባት ተሸነፍን። ሽንፈቱን እችለው ነበር። ያልቻልኩት የደጋፊዎቻቸውን ነው። ሁለተኛው አጋማሽ ሲጀመር አንድ ልጅ ሮጦ ገብቶ እኛ በምናገባበት ቅርጫት ሥር ጣባ አስቀመጠ፤ የክትፎ ማቅረቢያውን ሸክላ። ከዚያ ሁሉም ተነስተው እያጨበጨቡ፦

ክትፎውን በጣባ አሟጣችሁት፣
ኳሱን ለቅርጫቱ ምነው ነፈጋችሁት!

ይህ ግጥም ጥሩ ነው። ያቃጠለኝ እሱ ነው። እኔ በዚያ ቀን የያዝኩት ግጥም ከዚህ አጠገብ ሲቆም እንደ ጥርስ ሳሙና ማስታወቂያ ነበር። ደሳለኝ ቅጣት ምት ሊወረውር በቆመ ቁጥር «ቅቤ! ቅቤ!» ይላሉ። ጨዋታው ሲያልቅ ደሳለኝ ፊቱን በማልያው ሸፍኖ ሜዳው ላይ ተቀመጠ። እትዬ ዙቤ ግን ቀስ ብላ ሄደች፣ ጣባውን አነሳች፣ ገልብጣ አየችው፣ «ደህና ሸክላ ነው» ብላ ብብቷ ሥር ያዘችው።

«እትዬ፣ የእኛ ነው!» አለ ያስቀመጠው ልጅ።

«ሰጥታችሁናል እኮ። የሰጡትን መልሶ መጠየቅ የት ያለ ነው?»

ወልቂጤ ስንመለስ ጣባውን ስቶሩ ውስጥ፣ ከኳሶቹ በላይ ሚስማር መትታ ሰቀለችው። ኳስ ልንወስድ በሄድን ቁጥር «ቀና በሉ» ትለናለች። ቀና እንላለን፤ እናየዋለን፤ ከዚያ ኳሷን ትሰጠናለች። ቂም እንደ ሊጥ ነው፤ ሙቀት ካገኘ ይነሳል። ሙቀቱን በየቀኑ የሰጠችን እሷ ናት።

እንደዚያ ዓመት ያለ ሌላ ዓመት አላየሁም። እኛ ደጋፊዎች ሜዳው ጎን ባለው የተማሪ ማደሪያ አጥር ላይ እንደ ቁራ ተደርድረን ዘይት የነበረበትን በርሜል እንደበድባለን። ቡድኑ ኳስ መሸኘት ለመደ። ኳሷ ከደሳለኝ ወደ አካፋ፣ ከአካፋ ወደ ሚስማር ስትሄድ ማንም እጅ ላይ ሁለት ትንፋሽ አትቆይም። አንዱን በሃያ ነጥብ፣ አንዱን በሰባት፣ አንዱን ደግሞ በጭቃ መሃል በአንድ ነጥብ አሸነፍን፤ በዚያ የጭቃ ቀን እትዬ ዙቤ በየእረፍቱ ከስቶር ጆንያ እያመጣች ሜዳውን ስትወለውል፣ ዳኛው የጽዳት ሠራተኛ መስላው «እማማ፣ ከሜዳ ውጪልኝ» አላት። ሦስት ዓመት ሙሉ ተከታትላ የምታውቀውን ሕግ እየጠቀሰች፣ ሜዳው ካልደረቀ ጨዋታው እንደማይቀጥል አስረዳችው። እንድትወለውል ለመናት።

ግንቦት ሲመጣ እኛና ቡታጅራ እኩል ነጥብ ይዘን አንደኛ ነበርን። ዋንጫው በመልሱ ጨዋታ ይለያል። ቀኑን የምንመርጠው እኛ ነን። የመረጥነውን ታውቃላችሁ።

የአረፋ ሁለተኛ ቀን ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ቡድኑ ለመሟሟቅ ተሰበሰበ። ስቶሩ ተቆልፏል። ዘበኛው «እትዬ ዙቤ? ከትናንት ወዲያ ሄደች። ሻንጣ ይዛ» አለን።

«የት ሄደች?»

«አገሯ ነዋ። አረፋ አይደለም እንዴ?»

ረሺድ ለራሱ እንደሚናገር ሰው አለ፦ «እትዬ ዙቤ ሙስሊም ናት።»

ይህን እንደ አዲስ ወሬ ነው የሰማነው። ሻሿን በየቀኑ እናያለን። በረመዳን ሳትቀምስ በፀሐይ ስታሰለጥነን አይተናል። ቸሃ ላይ ቆጮዋን ለብቻዋ አቅርበንላታል። የቡታጅራን ሙስሊሞች አንድ በአንድ ስንቆጥር ግን፣ በሩ አጠገብ ጀሪካን ላይ የተቀመጠችውን አልቆጠርናትም።

ስልኳ አይሠራም። በሩ ብረት ነው፤ ውስጡ የታሸገ የፈተና ወረቀት ስላለ ዘበኛው «ይህን በር የነካ ሰው አብሮኝ ጣቢያ ይገባል» አለ። የስፖርት ዕቃ ሻጩ ሱቁን ዘግቶ እሱም ለአረፋ አገሩ ገብቷል። ከአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ የተገኘው የመረብ ኳስ ነው። ደንቡ ደግሞ ግልጽ ነው፤ ኳስ የሚያቀርበው ባለሜዳው ነው፤ ካላቀረበ በፎርፌ ይሸነፋል።

ደሳለኝና እኔ ኮንትራት ሚኒባስ ይዘን ዘቢዳርን ተሻገርን። ሰው እየጠየቅን የእናቷን ቤት ስናገኝ ስድስት ሰዓት ሊሆን ትንሽ ቀርቶታል። ቁልፉን ወዲያው ይዘን ከተመለስን እንደርሳለን።

በሩ ላይ ቆማ አገኘናት። ጋዋን አልለበሰችም። አረንጓዴ ቀሚስ፣ አዲስ ሻሽ፣ እጇ ላይ ሂና። ለመጀመሪያ ጊዜ ሴት መሆኗን ያየሁ መሰለኝ።

«አሰላሙ አለይኩም ሳይባል ይገባል?» አለች።

«እትዬ ዙቤ፣ ቁልፉን ስጪን! ዘጠኝ ሰዓት...»

«አውቃለሁ። ነግራችሁኛል። ግቡ።»

«ቸኩለናል!»

«እኔም በመስቀል ቸኩዬ ነበር» አለች፤ ገብታም ተቀመጠች።

እናቷ ምርኩዝ ይዘው ከጓዳ ወጡ። በዕድሜ የጎበጡ፣ ዓይናቸው የደከመ ናቸው። «እነማን ናቸው?» አሉ።

«የቸሃ ልጆች ናቸው። በመስቀል አራት ቤት ያበሉኝ።»

የአሮጊቷ ፊት በራ። የደሳለኝን እጅ በሁለት እጃቸው ያዙት። «አላህ ይስጣችሁ፣ አላህ ያሳድጋችሁ። ልጄ ነግራኛለች፤ ባዳ ሳትሉ ያበላችኋት! ኑ፣ ሂዱና አቶ ሃብቴን ጥሩልኝ፣ ቢላዋውን ይዞ ይምጣ!»

አቶ ሃብቴ ክርስቲያን ጎረቤታቸው ናቸው። ሙስሊም ያረደውን ክርስቲያን እንግዳ ስለማይበላ፣ ለእኛ በግ የሚያርዱት እሳቸው ናቸው። ደሳለኝ «እባክዎ እናቴ፣ ቆጮ ይበቃናል» ሲል አሮጊቷ መስማት አቆሙ። አቶ ሃብቴ የበዓል ጉብኝት ሄደው ስለነበር እስኪገኙ አንድ ሰዓት ፈጀ። መጡ፣ ሰላም አሉን፣ የአባቶቻችንን ስም ጠየቁ፣ የአያቶቻችንንም ጠየቁ፣ በስመ አብ ብለው አረዱ። በስምህ በግ ከታረደ በኋላ ተነስቶ መሄድ በእኛ አገር የለም። ደሳለኝ ያደገ ልጅ ነው። እኔም ነኝ። ሾፌራችን ሙስሊም ስለነበር የአረፋውን ሥጋ ቀድሞ ጀምሯል፤ ቀና ብሎም አላየንም።

እትዬ ዙቤ ቁልፉን ከቦርሳዋ አወጣችና ገበታው ላይ፣ ከፊታችን አስቀመጠችው። «በልታችሁ ስትጨርሱ ውሰዱ» አለች። አልከለከለችንም። እጄን ብዘረጋ እደርስበት ነበር። አሮጊቷ ከጎናችን ቁጭ ብለው ሲመርቁን፣ ሥጋው እሳት ላይ ሲንጫጫ፣ ደሳለኝ ቁልፉን ሲያይ፣ ሰዓቱን ሲያይ፣ ቁልፉን ሲያይ አስታውሳለሁ። እሷ በየመሃሉ ትነሳለች፣ «ጨምሩ እንጂ» ትላለች፣ ሳህናችን ላይ ትጨምራለች። ያን ጊዜ ፊቷን ፈልጌ አየሁት። ምንም አይልም። እንግዳ የሚያስተናግድ ሰው ፊት ነው።

ስንነሳ ስምንት ሰዓት ተኩል ነበር።

ወልቂጤ ስንደርስ አሥራ አንድ ሰዓት አልፏል። ቡታጅራዎች ሦስቱም ቋሚ ተሰላፊዎቻቸው ሳይቀሩ ከገጠር ተጠራርተው መጥተው ነበር፤ ከደንቡ በላይ አንድ ሰዓት ጠብቀው፣ ሃያ ለዜሮ በፎርፌ ዋንጫቸውን ይዘው ሄደዋል። ሜዳው ባዶ ነው። ከመሄዷ በፊት በኖራ ያሰመረችው መስመር ግን ነጭና ቀጥ ያለ ነበር፤ አንድም ስህተት የለውም።

እኔ ስለ እሷ አንድ ግጥም ሚኒባሱ ውስጥ፣ ዘቢዳር ላይ ጨርሻለሁ። ገና ከመኪናው ሳልወርድ ቴሌግራም ላይ ለቀቅኩት፦

ቁልፉን በመቀነት ቋጥራ ወሰደችው፣
የዓመት ላባችንን ባንድ ቀን በላችው።

ያን ያህል የተዳረሰልኝ ግጥም የለም። ቡና ቤት ውስጥ ሰው ሲለው ሰምቻለሁ። ባጃጅ ላይ ሰምቻለሁ። አንድ ሰው አትሞ ስቶሩ በር ላይ ለጠፈው፤ ከአረፋ ስትመለስ የተቀበላት እሱ ነው። ደስ አለኝ። ዓመቱን ሙሉ ቡታጅራ ላይ ስስለው የቆየሁት ቢላዋ በመጨረሻ ሥጋ አገኘ። «ቅረጸው ገና» ስትለኝ ለነበረችው ሴት ይኸው ተቀርጿል አልኩ።

ቡታጅራን ዛሬም አልወድም፤ ያንን ጣባ ያስቀመጠውን ልጅ ዛሬም መንገድ ላይ ባገኘው ሰላም አልለውም። ዘንድሮ ደግሞ ከእነሱ ጋር ተጫውተን በሠላሳ ነጥብ አሸነፉን። ቡታጅራ የሄዱ ልጆች ሲያወሩ፣ ልምምዳቸው ላይ አንዲት ሴት ሜዳ ዳር ተቀምጣ ታያለች ይላሉ። እኔ አላየኋትም። ኳሳቸው ከእጅ ወደ እጅ ስትሄድ ግን አይቻለሁ። ማንም እጅ ላይ አታድርም።

የቀረው የዲኑ ቢሮ ነው።

ከበዓሉ በኋላ በሳምንቱ የዲሲፕሊን ኮሚቴ ተቀመጠ። ዲኑ፣ ለፎቶ የሚመጣው የስፖርት መምህር፣ ደሳለኝ ለቡድኑ፣ እኔ ለደጋፊው። እትዬ ዙቤ ጋዋኗን ለብሳ ከፊታችን ተቀመጠች። የእኔ ግጥም የታተመበት ወረቀት ዲኑ ጠረጴዛ ላይ ነበር። ዲኑ ክፉ ሰው አይደለም፤ ነገሩ በቶሎ እንዲያልቅ ነው የሚፈልገው። ወረቀቱን አንስቶ አነበበውና «ተማሪው ምን ያህል እንዳዘነ አየሽ?» አላት።

«ማን ነው የጻፈው?» አለች።

«እኔ ነኝ» አልኩ።

ወደ እኔ ዞረች። «በመቀነት ይላል። እኔ መቀነት ታጥቄ አይተኸኝ ታውቃለህ? ቁልፉ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። ፊትህ ነው ያወጣሁት። ለሌላ ጊዜ አይተህ ጻፍ።»

ዲኑ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ዙበይዳ፣ ነገር አናክብድ። ሰው ይረሳል። በዓል ነው፣ ጥድፊያ ነው፣ ቁልፍ ቦርሳ ውስጥ ይቀራል። ረስቼው ነው በይና ፈርሚ፤ ማስጠንቀቂያ ብቻ ይሆናል። ሥራሽም አይነካም።»

«አልረሳሁም።»

«ዙበይዳ...»

«አልረሳሁም። ቀኑ ሲመረጥ እዚያው ክፍል ውስጥ ነበርኩ። ኳስ እየነፋሁ ነበር። ሰዓቱን ጠይቄ ነግረውኛል። እኔ አገሬ እገባ እንደሆነ የጠየቀኝ ሰው የለም። ቢጠይቁኝ ቁልፉን ሰጥቼ እሄድ ነበር። የረሳችሁት እናንተ ናችሁ።»

ዲኑ ወደ እኛ ዞረ። «እውነት ነው? ስብሰባው ላይ ነበረች? ቀኑንም አረፋ መሆኑን አውቃችሁ ነው የመረጣችሁት?»

ደሳለኝ ጫማውን ያያል። የሚፈለገው አንድ ቃል ነበር። አዎ ቢባል ነገሩ ወደ እኛ ይዞራል፣ ሥራዋም ይተርፋል። እሷ ደሳለኝን አላየችውም፤ እኔን ነው ያየችው። ቀኑን ያመጣሁት እኔ መሆኔን ታውቃለች፤ ሰምታኛለች። እኔ ደግሞ ያን ሰዓት የሚታየኝ ሃያ ለዜሮ ነው። የሚታየኝ ሳህኔ ላይ የጨመረችው ሥጋ ነው። በመቀነት ይላል ያለችኝ ገና ጆሮዬ ላይ ነው።

«የቡታጅራ ሰው ናት» አልኩ። «ለአገሯ አድልታ ነው።»

የስፖርት መምህሩ እንኳ ከስልኩ ቀና አለ።

እትዬ ዙቤ ተነሳች። የስቶሩን ቁልፎች ከነማሰሪያቸው ዲኑ ፊት አስቀመጠች፤ ጋዋኗን ቁልፍ በቁልፍ ፈታች፣ አውልቃ አጠፈችው፣ ወንበሩ ላይ አኖረችው። ከዚያ ደሳለኝ ትከሻ ላይ እጇን አሳረፈች።

«ቋሚ፣ አሮጌዋ ኳስ ትተነፍሳለች። በየሦስት ቀኑ ንፏት። ብዙ አታድርግባት፣ ስፌቷ ይለቃል።»

«እሺ፣ እትዬ ዙቤ» አለ ደሳለኝ።

ወጣች። በሩን እንደ ተቆጣ ሰው አላላጋችውም። ዕቃ እንደሚጠብቅ ሰው ከውጭ ወደ ራሷ ሳብ አድርጋ፣ መቆለፊያው ቀጭ እስኪል ጠብቃ ዘጋችው።